የተቀዳ ተረት በልጆች መኝታ ሰዓት፦ አመራረጡ፣ አቀዳዱና አዘጋጉ

እራት ከተነሳ በኋላ ስልክ ትራስጌ አስቀምጦ ለልጅ ተረት መክፈት ቀላል ነው። የሚከብደው መዝጋቱ ነው። ብዙ ቤት ተረቱ ልጁን እንቅልፍ እስኪወስደው ይቀጥላል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል፤ ልጁ ሲያንቀላፋ እናቱ በእግሯ ጣት ሄዳ ስልኩን ታነሳለች። ለዛሬ ማታ ይሠራል። ከሳምንት በኋላ ግን ያው ልጅ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተነስቶ "ተረት ክፈቱልኝ" ይላል።

ምክንያቱ ከእንቅልፍ አካሄድ ጋር የተያያዘ ነው። እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይጠልቃል፣ ይሳሳል፣ ተመልሶ ይጠልቃል። በሳሳ ቁጥር ልጅ ለአፍታ ይባንናል። ዙሪያው ሲተኛ እንደነበረው ከሆነ ገልበጥ ብሎ ይቀጥላል። ሲተኛ የሚያወራ ድምፅ ኖሮ ሲባንን ከሌለ ግን አንድ ነገር ጎድሎበታልና ይነቃል፤ የጎደለውንም ይጠይቃል። ድምፁን እንቅልፉ አድርጎታል ማለት ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያገለግለው ለአንድ ነገር ነው፦ ተረቱ ልጁ ገና ሳይተኛ፣ ዓይኑ እየከበደው ሳለ ይለቅ፤ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ልጁ በጸጥታ ይሻገራቸው።

ሰዓቱን ከጠዋት ወደ ኋላ ቁጠሩ

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት፣ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ፣ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ለትምህርት ቤት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል የሚቀሰቀስ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከተኛ 10 ሰዓት ይሞላለታል። ስለዚህ የቤቱ ሥርዓት ከዚህ ወደ ኋላ ይቆጠራል፦ እራት 1 ሰዓት፤ ቴሌቪዥንም የስልክ ስክሪንም 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ እግር መታጠብ፣ ጥርስና ሽንት ቤት እስከ 2 ሰዓት፤ ከዚያ አልጋ። ተረቱ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ይጀምርና 2 ሰዓት ከ20 ላይ ያልቃል። የቀሩት አስር ደቂቃዎች የጸጥታው ናቸው።

እዚህ ጣና ሐይቅ አጠገብ፣ ባሕር ዳር ከተማ ላይ፣ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትገባለች። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ጨለማው በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት ስለሚመጣ የልጁ ሰውነት ሰዓቱን ለመልመድ አይቸገርም። ሰው ግን ይህን እርዳታ በቴሌቪዥን ያበላሸዋል። ደማቅ ብርሃን አእምሮ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀውን ሜላቶኒን ያዘገያል። የተቀዳ ተረት ከካርቱን የሚሻለው በዚህ ነው፤ ብርሃን የለውም፣ ልጁም ዓይኑን ጨፍኖ ሊከታተለው ይችላል። ስልኩ ተገልብጦ፣ ስክሪኑ ጠፍቶ ካልተቀመጠ ግን ይህ ጥቅሙ የለም።

ሰፈሩ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ካለበት ወይም የኢሻ አዛን በዚያ ሰዓት ከሆነ በተረት ድምፅ ልትፎካከሩት አትሞክሩ። አዛኑ እስኪያልቅ ልጁን አጫውቱት፤ ከዚያ ክፈቱ።

ዕቃው

አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ከሁሉ የሚሻለው ሲም ካርድ የሌለው አሮጌ ስልክ ነው፤ ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፣ ድምፁ ከሠራ ይበቃል። ፋይሎቹን ጫኑበት፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ሌላውን መተግበሪያ ሁሉ አጥፉ። የራሳችሁን ስልክ የምትጠቀሙ ከሆነ ከተረቱ በፊት ኤርፕሌን ሞድ ማድረግን አትርሱ፤ ልጁ ሊተኛ ሲል የሚገባ አንድ የስልክ ጥሪ የግማሽ ሰዓት ድካም ያበላሻል።

ሚሞሪ ወይም ፍላሽ የሚቀበሉት ትንንሽ ስፒከሮችም ያገለግላሉ፤ ሁለት ጠንቅ ግን አለባቸው። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ሲበሩ በከፍተኛ ድምፅ የሆነ ነገር ይናገራሉ ወይም ሙዚቃ ያሰማሉ፤ ስለዚህ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ሌላ ክፍል ውስጥ አብርታችሁ አምጡት። ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን ፋይል ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ይደግማሉ። ለዚህ መፍትሔው የማታውን ተረት ብቻ፣ ከኋላው የአንድ ሰዓት ባዶ ድምፅ ጨምሮ፣ በአንድ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው። ልጁ ሲተኛ ገብታችሁ ታጠፉታላችሁ።

ዩቲዩብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክፍያ ለሌለው ተጠቃሚ ስክሪኑ ሲጠፋ ይቆማል፤ ስክሪኑ ከበራ ደግሞ ብርሃኑ አለ፤ በመሃል ማስታወቂያ ይገባል፤ ሲያልቅ ያልመረጣችሁትን ይከፍታል። በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክትም ሲያልቅ ቀጣዩን በራሱ ሊጀምር ስለሚችል ፋይሉን አውጥታችሁ በሌላ ማጫወቻ ክፈቱት። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ነፃ ነው፤ በወሰናችሁት ደቂቃ ድምፁን የሚያጠፋ ስሊፕ ታይመርም አለው።

ታይመሩን ሲሞሉ ሰዎች የሚሠሩት ስሕተት አለ፦ ተረቱ 12 ደቂቃ ሆኖ ታይመሩን 10 ላይ ያደርጉታል። ድምፁ ጅቡ ወንዙን ሊሻገር ሲል ይቆረጣል፤ ሊተኛ የነበረው ልጅ "ከዚያስ?" ብሎ ቁጭ ይላል። ታይመሩ ከተረቱ በ3 ደቂቃ ይርዘም፤ ደግሞ አጫውት የሚለው ምልክት መጥፋቱንም አረጋግጡ። ታይመሩ መጠባበቂያ ነው፤ ተረቱን የሚዘጋው የራሱ መጨረሻ ነው።

ቦታው ጠቢብነት ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች ያስቀመጠው የድምፅ ጣሪያ 75 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሆኖ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ የመኝታ ተረት ግን ከዚህ በጣም ዝቅ ማለት አለበት። ተራ ወሬ 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ የናንተ ከዚያም ያንሳል። መለኪያ አያስፈልግም። ስፒከሩን ከልጁ ጭንቅላት አንድ ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ፣ በር ላይ ቁሙ። ሰው እያወራ መሆኑን ሰምታችሁ ቃሉን ሁሉ ካልያዛችሁ ልክ ነው። ቃል በቃል ከሰማችሁት በዝቷል።

የጆሮ ማዳመጫ ለዚህ ዕድሜ አይሁን፤ ሽቦው አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል፣ ድምፁም ለጆሮ በጣም ይቀርባል። ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ትራስ ሥር አይቀመጥ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የሳንቲም ቅርጽ ያለው ባትሪ የሚጠቀም መጫወቻ ወይም ሪሞት ካለ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር መሆኑን ተመልከቱ። ያ ባትሪ ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቃጥል ስለሚችል ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳታመነቱ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

አጎበሩ ቀድሞ ይከተት

ጣና ዳር የሚኖር ሰው አጎበርን አይረሳም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይረሳል። ልጁ ተረት እየሰማ ሲያንቀላፋ አጎበሩን ፍራሽ ሥር ልክተት ስትሉ ፍራሹ ይነሳል፣ ልጁም ይነቃል። ስለዚህ ልጁ ይግባ፣ አጎበሩ ዙሪያውን ይከተት፣ ውስጡ ትንኝ አለመኖሩ ይታይ፤ ተረቱ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ስፒከሩም ሽቦውም ከአጎበሩ ውጭ ይሁኑ። አለበለዚያ ለማንሳት ስትሉ አጎበሩን ትከፍታላችሁ።

የትኛው ተረት?

ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ተረት ገና ነው፤ እሹሩሩ ይበቃዋል፤ እሱም ከተቀዳው ከእናትየው አፍ ቢሆን ይሻላል። ለ2 እና ለ3 ዓመት ልጅ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚሆን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ የሚመለስበት ተረት ምረጡ። ለ4 እና ለ5 ዓመት ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ጥሩ ነው። ከ6 ዓመት በላይ ያለው ምዕራፍ ያለው ረጅም ትረካ መከታተል ይችላል፤ ግን ደራሲዎች ምዕራፍን ልብ ሲሰቀል መዝጋት ይወዳሉ። ቀድማችሁ ሰምታችሁ ነገሩ የሚረግብበትን ቦታ ያዙና እዚያ ቁረጡት።

ማንኛውንም ትረካ ልጁ ከመስማቱ በፊት እናንተ እስከ መጨረሻው ስሙት። መጨረሻው ላይ ድንገት የሚጮህ ሙዚቃ፣ የበር መንኳኳት፣ የነጎድጓድ ድምፅ ያለበት ለቀን ይቆይ። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች የተረኩት ውድ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ነቅቶ ለተቀመጠና ለሚያይ ልጅ የተነገረ ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ይስጡት፤ ለመኝታ ቀዝቀዝ ያለ ድምፅ ፈልጉ።

ስለ ጅብ አንድ ነገር። አያ ጅቦ የሌለበት የተረት ከረጢት ጎዶሎ ነው፤ ቂል ሆኖ የሚታለልበት ተረት ልጅ ያስቃል። ይሁንና በከተማው ዳርና በገጠሩ እውነተኛው ጅብ ማታ ማታ ይጮኻል። ልጅ የሚበላ ጅብ ያለበትን ተረት ሰምቶ ብርሃን የጠፋበት የ4 ዓመት ልጅ ያንን ጩኸት ሲሰማ ተረቱ በር ላይ የመጣ ይመስለዋል። "ካልተኛህ ጅብ ይመጣል" ማለትም እንደዚያው ነው። የሚያስፈራውን እየጠሩ ማስተኛት አይቻልም።

አዲስ ተረት ማታ አታስጀምሩ። አዲስ ነገር ያነቃል፤ ልጁ "ምን ይሆን?" እያለ ይጠብቃል። መጀመሪያ ቀን ላይ፣ እየተጫወተ ሳለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይስማው። ፍጻሜውን ሲያውቀው ወደ ማታ አዛውሩት፤ ከዚያም ከ5 እስከ 7 ማታ ሳትቀይሩ ያንኑ ክፈቱ። ለአዋቂ ይሰለቻል፤ ለልጁ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ራሱ እረፍት ነው። ቋንቋውም ሳይታገል የሚገባው ይሁን፤ ትምህርት ቤት የሚማረውን እንግሊዝኛ በመኝታ ሰዓት ላለማምደው ማለት ተረቱን የቤት ሥራ ያደርገዋል።

የአያትን ድምፅ መቅዳት

በአማርኛ የተዘጋጀ፣ ለመኝታ የሚሆን ዝግ ያለ ትረካ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። የሚሻለው የራስን መሥራት ነው። አያት ካሉ ከእሳቸው ይጀመራል። ተረት የሚያውቅ በቤት ከሌለ አፍሪካን ስቶሪቡክና በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ይፋ የሆነው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ የሚባሉት የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በአማርኛ የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍትን በነፃ ያቀርባሉ፤ እነሱን በራሳችሁ ድምፅ አንብባችሁ ለቤታችሁ መቅዳት ትችላላችሁ።

ክፍሉ ወለሉ ባዶ፣ ግድግዳው የሚያስተጋባ ሳሎን አይሁን። አልጋ፣ መጋረጃና የተሰቀለ ልብስ ያለበት መኝታ ቤት ድምፅ ይመጥጣል። ፍሪጁን ለጊዜው ንቀሉት። ቀን ላይ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳልና በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፤ ዋና መንገድ ዳር ከሆናችሁ ባጃጁ የሚቀንስበትን ሰዓት ጠብቁ። ዝናብ እየመጣ ከሆነ ተዉት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀዳ ድምፅ በኋላ አይጠራም። ስልኩን በታጠፈ ጋቢ ላይ አድርጉት፣ ጠረጴዛው ሲነካ እንዳይንኳኳ። ከአፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ ፊት ለፊት ከሆነ "ጰ" እና "ፐ" ይተነፍሳሉ።

አያት ስልክ ተደቅኖባቸው "በሉ ይንገሩን" ሲባሉ ይደርቃሉ። ለስልክ ተረት አይነገርም። አንድ ልጅ ከጎናቸው ይቀመጥ፤ ስልኩን ቀደም ብላችሁ ከፍታችሁ ተዉት፤ ቡና እየተጠጣ ይጀምሩ። ሲሳሳቱ አታቋርጧቸው፣ በኋላ ይቆረጣል። አንድ ልመና ብቻ አቅርቡ፦ "ተረት ተረት" ካሉ በኋላ ሦስት ሰከንድ ዝም ይበሉ። ከጎናቸው ያለውም ልጅ በዚያች ቅጽበት ዝም ይበል። ማታ ልጃችሁ አጎበር ውስጥ ሆኖ "የላም በረት" የሚለው በዚያች ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከሌለ ተረቱ በላዩ ላይ ያልፋል፤ ልጁም ተረት የሚሰማ እንጂ ተረት የሚባልለት አይሆንም። መጨረሻው ደግሞ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ይሁን፤ ሁልጊዜ፣ ሳይቀየር። ልጁ ይህንን ሲሰማ አለቀ ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ "አንድ ድገሙኝ" የሚለው ልመና በሁለተኛው ሳምንት ይቀንሳል።

የራሳችሁን ተረት ልትሠሩ ከፈለጋችሁ ከዚህ ሐይቅ የተሻለ ዕቃ የት ይገኛል? አንዲት የደንገል ታንኳ ከዘጌ እንጨት ጭና ወደ ባሕር ዳር ትመጣለች። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ብቅ ብሎ "ታንኳ ሆይ፣ ወዴት ነሽ?" ይላል። "ወደ ቤቴ፣ ልተኛ።" ቀጥሎ አምባዛ ያንኑ ይጠይቃል፣ ያንኑ ትመልሳለች። ቀጥሎ ጉማሬ። ጠያቂው በመጣ ቁጥር ንግግሩ ይዝግም፣ ድምፁ ይቀንስ፤ ጠያቂው ሁሉ መልሱን ሲሰማ እሱም ይተኛ። አምስት ጠያቂ ከበቂ በላይ ነው። የመኝታ ተረት የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው፦ ጠብ የለው፣ ማሳደድ የለው፣ አንድ ነገር እየተደጋገመ ወደ ቤት የሚሄድ።

ማስተካከሉ በኮምፒውተር ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል። መጀመሪያ ሳልና መንኳኳቱን ቁረጡ። ከዚያ ላውድነስ ኖርማላይዜሽን በሚለው ሁሉንም ፋይሎች በአንድ ቁጥር አስተካክሉ፤ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያቀርበው ከዜሮ በታች 23 ለመኝታ ይሆናል። ይህ ካልተደረገ አንዱ ተረት ሹክሹክታ፣ ሌላው ጩኸት ይሆናል። የመጨረሻውን 10 ሰከንድ ፌድ አውት አድርጉ፣ ማለትም ድምፁ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይጥፋ፤ ድምፅ ድንገት ሲቋረጥም ልጅን ያባንናል። በሞኖ፣ በ64 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት የ15 ደቂቃ ተረት 7 ሜጋባይት ያህል ነው፤ አንድ ጊጋባይት ከ130 በላይ ይይዛል።

ማታውን በተግባር

ተረቱን ከመክፈታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ከልጁ ጋር አውሩ፤ የቀኑን ኩርፊያ ይናገር። ይህ ካልሆነ ኩርፊያው የሚወጣው ተረቱ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ መብራቱ ይጥፋ፣ ተረቱ ይከፈት፤ እናንተም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጎኑ ተቀመጡ። ተረቱ ሲያልቅ አትናገሩ፣ ስለ ተረቱም አትጠይቁ፤ ጥያቄው ለጠዋት ነው። አምስት ደቂቃ በጸጥታ ቆይታችሁ ውጡ።

በሳምንት ቢያንስ ሦስት ማታ ስልኩ አይከፈት፤ ራሳችሁ ንገሩት። የተቀዳ ድምፅ ልጁ ፊቱን ሲያዞር አያይም፣ ሲፈራ አይለዝብም።

ሁለት ልጆች አንድ አልጋ ላይ ከሆኑ በትንሹ ልክ ምረጡ። ትልቁ "የላም በረት" ባይነት ይሰጠው፤ የራሱን ረጅም ትረካ ደግሞ ቀድሞ፣ ታናሹ ሲታጠብ ይስማ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ አዋቂዎችም ልጆቹ እስኪተኙ ቴሌቪዥኑን መዝጋት አለባቸው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ሲበላሽ

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተረቱ አይሰማም። ድምፁን አትጨምሩ፤ ዝናቡ ሲያባራ ያ ድምፅ ክፍሉን ይሞላዋል። ስፒከሩን ወደ ግማሽ ሜትር አቅርቡ፤ ካልበቃም የዚያን ማታ ተዉት። ዝናቡ ራሱ ያስተኛል።

መብራት ሲጠፋ ስልኩ ባትሪ ካለው ተረቱ ይቀጥላል፤ ስክሪኑ ጠፍቶ ድምፅ ማጫወት ባትሪ ብዙ አይበላም። ችግሩ መብራቱ ሲመለስ ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ አምፖሉም ቴሌቪዥኑም ባንድ ጊዜ ይበራሉ። ስለዚህ መብራት በጠፋበት ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የክፍሉን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ማጥፊያው መልሱት፣ ቴሌቪዥኑንም ንቀሉ።

ልጁ ሁልጊዜ "ጨምሩልኝ" የሚል ከሆነ፣ ሌሎች እየሰሙ እሱ ብቻ ካልሰማ፣ ወይም ጆሮውን የሚነካካ ከሆነ ነገሩ የስፒከሩ ላይሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ጆሮውን አስዩት።

አሁን ያለ ተረት የማይተኛ፣ ሌሊትም የሚጠይቅ ልጅ ካላችሁ በአንድ ማታ አትከልክሉት። መጀመሪያ ተከታታይ ተረቶቹን ወደ አንድ አውርዱ፤ ሦስት ማታ በዚህ ይቆይ። ከዚያ በየማታው ድምፁን በአንድ ደረጃ ቀንሱ። ከሰባት እስከ አስር ማታ ውስጥ በሩ ላይ ሆናችሁ የማትሰሙት ደረጃ ላይ ይደርሳል። ያን ጊዜ የተረቱን ሰዓት በአስር ደቂቃ አስቀድሙት፣ መብራቱ ገና ሳይጠፋ ይከፈት። ሌሊት ሲነሳ ተረት አትክፈቱለት፤ ጀርባውን አሸት አሸት አድርጋችሁ፣ "ተረቱም ተኝቷል" በሉት፤ በሚቀጥለውም ሌሊት ያንኑ ቃል፣ ሳትለውጡ።